ከአባቴ ክር ላይ ያስቀረሁት እርሳስ

ይህን ለባለቤቴም፣ አብረውኝ ለሚጸልዩትም ተናግሬ አላውቅም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

አባቴ ኮልፌ ውስጥ ሰዓት ሲጠግን ነው ያረጀው። ዓይኑ ደክሞ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ደስታ ቀረችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡራዩ ወዲያ ወዳለው ውሃ ሄዶ ዓሣ ማጥመድ። ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ይዤ የምወስደው እኔ ነበርኩ። ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ስለጀመሩ ክሩንም የማዘጋጅለት እኔ ነኝ። ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አቅልጦ የሠራቸው አተር አተር የሚያካክሉ እርሳሶች ነበሩት። ሦስቱን ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ አስራለሁ። እነሱ ከሌሉ መንጠቆው ወደ ታች አይወርድም።

አንድ ቅዳሜ ሳላስር ሰጠሁት።

የመዘምራን ልምምዳችን ቅዳሜ ነበር። ደጋግሜ በመቅረቴ ከኅብረቱ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ዓሣ ካጣ ይሰለቸውና ይተወዋል ብዬ አሰብኩ። ለራሴ ግን፣ ውሃ ዳር አዳልጦት ቢወድቅስ እያልኩ ነበር የማሳምነው።

መንጠቆው ተንሳፈፈ፤ ነፋሱ ገፍቶ ወደ ዳር መለሰው። አባቴ አላየውም። እኔ አየሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሳላስር ሰጠሁት። በሦስተኛውም።

በሦስተኛው ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እጁን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ሲያይ ቆየና፣ «ምን አጠፋሁ? ድሮ ዓሣው ገና ሲነካው ይታወቀኝ ነበር» አለኝ።

«ዕድሜ ነው፣ አባዬ» አልኩት።

«እንግዲህ እጄ ሞቷላ።»

ያን ጊዜ መናገር አቅቶኝ ነው? እርሳሶቹ እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። እኔ ግን እጁን ይዤ አጽናናሁት። በማግስቱ በዚያው አፌ ዘመርኩ።

የማጥመጃ ዘንጉን ለጎረቤት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ራሱን ማመን ተወ። ቁልፍ መክፈት፣ ሻይ መቅዳት፣ የገዛ ሸሚዙን መቆለፍ ሳይቀር ፈራ። በጠራኝ ቁጥር እሮጥለታለሁ። ሰው ሁሉ እንደ እሷ ያለ ልጅ ይስጠን ይል ነበር። እኔም እሰማ ነበር።

ሊሞት ሰሞን አልጋው ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ራሴን ዳሰሰኝ። «እጄ ሲከዳኝ እጅ የሆንሽኝ አንቺ ነሽ። ተባረኪ፣ ልጄ» አለኝ።

አሜን አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው ለዚህ አሜን የሚል?

እንዳይወድቅ መስጋቴ ውሸት አልነበረም፤ ያደረግኩት ግን ለዚያ አይደለም። ቅዳሜዬን ፈልጌ ነው።

አባዬ፣ እጅህ አልከዳህም። እኔ ነኝ።