ቦርዱ ከወንበሩ ያልተነሣበት ቀን

ባለቤቴን ሰዉ ሁሉ «ወጌሻው» ነበር የሚለው። የሰው አጥንት ግን ጠግኖ አያውቅም፤ ዛፍ ነበር የሚጠግነው። የአንዱን ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላው ግንድ ላይ ይሰካል፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ ውሃና ንፋስ እንዳይገባበት ዙሪያውን ሰም ይቀባል። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ እየሄደ «እንዴት ዋልሽ? ያዘሽ ወይ?» ይላታል። ለእኔ «እንዴት ዋልሽ» ያለኝን ቀን በጣቶቼ ቆጥሬ እጨርሰዋለሁ። ይህን ስነግረው ይስቅና «አንቺማ ከያዝሽ ስንት ዘመንሽ!» ይለኛል።

ልጆቼ «እማዬ፣ የአባባን ነገር ጻፊልን» ብለው ስለጨቀጨቁኝ ነው እስክሪብቶ ያነሣሁት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያነበብኩት እሱ ችግኞቹ ላይ ከሚያንጠለጥላቸው የቆርቆሮ መለያዎች ነው። ስለዚህ ነገሩ ወዲያና ወዲህ ቢልብኝ አትፍረዱብኝ።

የግብርና ኮሌጁ ሲከፈት ሁለት የመማሪያ ክፍል፣ አንድ የላም በረትና ደስ ሲለው ብቻ የሚነሣ ትራክተር ነበረው። እሱ የተቀጠረው ለአጥር ጉድጓድ ሊቆፍር ነው። አንድ ቀን መምህሩ ውጭ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተማሪዎቹን ማዳቀል ሲያሳይ፣ ወጌሻው ዶማውን ተደግፎ ከኋላ ያያል። ትምህርቱ ሲያልቅ የተጣለ አንድ የሎሚ ችግኝና ለጋ ቅርንጫፍ አነሣና የሸሚዙን ጫፍ ቀድዶ አንድ ላይ አሰራቸው። ተማሪዎቹ ካሰሯቸው ችግኞች አንድም አልተረፈ። የእሱ ብቻ ያዘ። መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲያየው ቆይቶ፣ «ዶማውን ለሌላ ስጥ» ብሎ ስለታሟን የማዳቀያ ቢላዋ እጁ ላይ አኖረለት። መምህሩ በኋላ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ቢላዋዋ ቀረች፣ ወጌሻውም ቀረ።

ከቢሮው ጀርባ ያለው መሬት የእሱ ሆነ። የእሱ ማለቴ የኮሌጁ ነው፤ ግን ያላየው ቅጠል አልነበረበትም። መሐሉ ላይ ከየቦታው ያሰባሰባቸው አሥራ አንድ የብርቱካን ዛፎች ቆመዋል፤ «እናቶቹ» ነበር የሚላቸው። በየዓመቱ ፍሬዋን ፈትኖ ከጨረሰው ከአንዷ ለጋ እየቆረጠ በሎሚ ግንድ ላይ ያዳቅላል፣ ገበሬውም በጋሪ እየመጣ ይወስዳል።

እኔ ደግሞ የቦርዱ ክፍል ጽዳት ነበርኩ። ኮሌጁን የሚመራው ሰባት ሰው ያለበት ቦርድ ነው፤ በሦስት ወር አንዴ ይሰበሰባል። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ከሰባቱ አንዷ ብቻ ሴት ናት፣ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት። ከሁሉ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ግን የወፍጮ ቤት ባለቤቱ ነበር። ሆዱ ቀድሞት ይገባል፣ ሳቁ ከሆዱ ይቀድማል። በየስብሰባው ከእርሻው አንድ ቅርጫት ብርቱካን ያመጣና ጠረጴዛው መሐል ዘጭ አድርጎ፣ «ቅመሱ! እንዲህ ያለ ብርቱካን ከእኔ እርሻ በቀር ታገኙና!» ይላል።

ዳኛው አንድ ልማድ ነበራቸው። ድምፅ ሲሰጥ እጅ ማውጣት አይወዱም። «እጅ ማውጣት ለተማሪ ነው፤ ሰው ያመነበትን ቆሞ ይናገር» ይላሉ። የሚደግፍ ይቆማል፣ የማይደግፍ ይቀመጣል። በቃ።

አንድ ቀን ጠረጴዛውን ስወለውል ትልቅ የፕላን ወረቀት ተዘርግቶ አገኘሁ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያቀረበው ነው፤ ቦርዱ እንግዳ የሚቀበልበት አዳራሽ ይሠራ ይላል። አዳራሹ የተሣለበትን ቦታ በጣቴ ተከትዬ አነበብኩ። «ባዶ ቦታ» ይላል። ከቢሮው ጀርባ! የእናቶቹ ቦታ!

ምሳ ላይ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ባዶ?» አለ።

«ባዶ ይላል። በዓይኔ አነበብኩት።»

«ትልቅ ዛፍ እኮ ተነቅሎ አይዛወርም።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሄደህ ለእነሱ ንገራቸው እንጂ!»

«እኔ? ቦርድ ፊት? አንቺ ሴት፣ ምላሴ ይተሳሰራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንድ ነገር አበላሽቼ ብናገር ጭራሽ እኔንም ከዛፎቹ ጋር ይነቅሉኛል።»

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልቀመሰም። ማታም «አልራበኝም» አለ። በስምንት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ራቱን ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የስብሰባው ቀን የኮሌጁ ዲን ጠራኝና «ወንበሮቹን ፊት እስኪያሳዩ ወልውያቸው፤ ዛሬ ትልቅ ውሳኔ አለ» አለኝ። ሰባቱ ወንበሮች ጥቁር እንጨት ናቸው፣ መደገፊያቸው ረጅም። መወልወያውን የሚሠራልኝ ባለቤቴ ነው፣ ሰምና ዘይት አቅልጦ። ለዛፎቹ የሚቀባውንም እዚያው ምድጃ ላይ ያቀልጣል፤ እሱ ግን ሰም፣ ሙጫና ሞራ ነው። ሁለቱንም በዱቄት ወተት ቆርቆሮ አድርጎ እመደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። እኔ በሌላ ጊዜ ከፍቼ አሽትቼ ነው የማነሣው። ያን ቀን ልቤ ከእናቶቹ ጋር ነበር፤ አንዱን ቆርቆሮ አፈፍ አድርጌ ወጣሁ።

ስቀባው ትንሽ ሙጭጭ ብሎኝ ነበር። «ይደርቃል» አልኩ። ደግሞ እንዴት አበራ መሰላችሁ! ፊቴን አየሁበት፣ ሻሼን እንኳ አስተካከልኩበት።

ስብሰባው ከሰዓት ነው። ቦርዱ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ቅርጫቱም ዘጭ አለ። እኔ እንደ ወትሮዬ ጥግ ላይ የውሃውን ማሰሮ ይዤ ቆምኩ። የአጥሩ ጉዳይ ተነሣ፣ ከዚያ የተማሪዎቹ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ያ ትራክተር። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ፀሐይዋ በትልቁ መስኮት ገብታ ወንበሮቹን ታሞቃለች። ክፍሉ ውስጥ የማውቀው ሽታ ሸተተኝ፣ የዛፍ ሙጫ ሽታ። የዚያኔ እንኳ አልነቃሁም።

መጨረሻ ላይ አዳራሹ መጣ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ፕላኑን ዘርግቶ ብዙ አወራ። ርዕሰ መምህርቷ ብቻ «ቦታውን ሄዶ ያየው አለ?» አለች። «ባዶ ቦታ ምኑ ይታያል?» አላት። እኔ ማሰሮውን ጨምቄ ይዣለሁ። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ አዳራሹ እዚያ ይሠራ የምትሉ ቁሙ።»

ማንም አልቆመም።

ዲኑ ግራ ገባው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ ዙሪያውን ያያል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይገፋል፤ ወንበሩ ከነእሱ ትንሽ ብድግ ይልና ጓ ብሎ ይመለሳል።

«ምን ሆነሃል?» አሉት ዳኛው።

«ይዞኛል!»

«ምኑ ነው የያዘህ?»

«ወንበሩ ነዋ! እርስዎስ ይነሡ እስቲ!»

ዳኛው ሊነሡ ሞከሩ። ሱሪያቸው ጭርር አለ። ቶሎ ተመልሰው ተቀመጡ። አንደኛው በቀኝ፣ አንደኛው በግራ ይታገላል። ርዕሰ መምህርቷ በሳቅ ሞተች። «እኔስ ያልተነሣሁት በፈቃዴ ነው፤ ስለማልደግፍ ነው» አለችና ኮራ ብላ ብድግ ልትል ስትል፣ «ኧረ ጉዴ! እኔንም ይዞኛል!»

ጸሐፊው ቀስ ብሎ «ክቡር ሰብሳቢ፣ የቆመ የለም ብዬ ልጻፍ? ሐሳቡ ወድቋል ማለት ነው?» አለ።

«ተው አንተ! ሱሪ የያዘው ድምፅ ድምፅ አይባልም!» አሉት።

ያኔ ነው ቆርቆሮው የታወሰኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ዳኛው «ወንበሮቹን የወለወለ ማነው?» ሲሉ አፌ ከእኔ ቀድሞ «እኔ ነኝ ጌታዬ፤ የዛፉን ሰም ቀብቼ ነው» አለ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጮኸ። «አውቃ ነው! ባሏ እዚያ ጀርባ ያለው ችግኝ ተካይ ነው! ሤራ ነው!»

ዳኛው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ። «አውቀሽ ነው?»

«ባውቅማ ኖሮ የእርስዎን ወንበር እተወው ነበር» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቃቸው ራሱ ከወንበር ጋር ነው፤ ሰው ሲስቅ ወንበሩም ይንጓጓል። ዳኛው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ሂጂ፣ ያሰረን ሰው ይምጣና ይፍታን» አሉኝ።

ሮጬ ጠራሁት። ወጌሻው ቢላዋዋን ይዞ መጣና ደፉ ላይ ተገተረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያን በር አልፎ አያውቅም።

«ግባ እንጂ» አሉት ዳኛው። «እኛ ወደ አንተ መምጣት አንችልም።»

ገባ። ለርዕሰ መምህርቷ እኔ ቢላዋዋን ተቀብዬ ቀሚሷን ፈታሁላት። ከዚያ እሱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ኋላ ተንበረከከና ቅርፊት እንደሚለይ አድርጎ፣ ጨርቁን ሳይነካ፣ ቀስ ቀስ እያለ ይልጥ ጀመር።

«ይሄ ሰም ምን ያደርጋል?» አለ ሰውዬው እያጉረመረመ።

«ያያይዛል ጌታዬ።»

«እሱንማ አየሁት!»

«ቅርንጫፍ ነው የማያይዝበት።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ባዶው ቦታ ላይ» አለ ባለቤቴ።

ሁሉም አንገታቸውን ወደ እሱ አዞሩ። እሱ ግን ቀና አላለም፤ ቢላዋዋን እያየ ቀጠለ። እጁ ሥራ ሲይዝ ምላሱ እንደሚፈታ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን አላወቅሁም ነበር። ስለ አሥራ አንዱ እናቶች ተናገረ፤ አንዷን ከየት ተሸክሞ እንዳመጣ፣ ሌላዋን በድርቁ ዓመት በሻይ ኩባያ ውሃ እያጠጣ እንዴት እንዳተረፋት። የታሰሩ ሰዎች የት ይሄዳሉ? ሰሙት።

ከዚያ ከቅርጫቱ አንድ ብርቱካን አነሣና አገላበጠው። እንብርቷን አየ፣ ልጣጯን በጥፍሩ ጫር አድርጎ አሸተተ። «ይቺ የአራት ቁጥር ልጅ ናት» አለ።

«የማን ልጅ?»

«የአራት ቁጥር። የእርሻዎ ኃላፊ የዛሬ ስድስት ዓመት አርባ ችግኝ በጋሪ ወስዷል። እናቷ እዚህ ጀርባ ናት። እሷስ ልጆቿ በእርስዎ ዘንድ አሉላት፤ ሌሎቹ ዐሥሩ ግን ከእኛ በቀር የትም የሉም። ዘራቸው ቢዘራ እናቱን አይመስልም። ከተቆረጡ፣ ተቆረጡ ነው።»

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከቅርጫቱ ሌላ ብርቱካን አንሥቶ አገላበጠ። «የእኔ ብርቱካን?» አለ ቀስ ብሎ።

ሁሉም ተፈትተው ሲያበቁ ዳኛው «ድምፅ የምንሰጠው አይተን ነው» ብለው መሩ። ቦርዱ በሰልፍ ወጣ። አንዱ በባርኔጣው፣ አንዱ በአጀንዳ ወረቀቱ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም ብርቱካኑን ባራገፈበት ቅርጫት ሰም የጠገበ ኋላውን ከልሏል። በረቱ ጋ ያሉት ተማሪዎች ሲያዩዋቸው ወተት የያዘ ባልዲ ደፉ።

አራት ቁጥር ያን ጊዜ ፍሬ ይዛ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መለያዋን አነበበ፣ አንድ ቀጥፎ ላጠና ቆሞ በላ። ጭማቂው በአገጩ ይወርዳል። ግንዷን መታ መታ አደረጋትና «እኔ እኮ የመሬቴ ጣዕም ነበር የመሰለኝ» አለ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረ። «ወጌሻው፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም ጌታዬ።»

ዳኛው ሥርዓት አይለቁም። እዚያው ዛፍ ሥር «ችግኝ ጣቢያው ባለበት ይኑር፣ አዳራሹ በግቢው በር አጠገብ ይሠራ የምትሉ ቁሙ፤ የምትቃወሙ ተቀመጡ» አሉ። ሁሉም ቆመዋል። መሬቱ ደግሞ በጠዋት ውሃ የጠጣ ጭቃ ነው።

«ክቡር ሰብሳቢ» አለ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ «ዛሬ ተቀመጥ ቢሉኝ እከስዎታለሁ!»

ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ፣ ሁሉም በእግራቸው ቆመው» ብሎ ጻፈ። ርዕሰ መምህርቷ ፕላኑን በጸሐፊው ጀርባ ላይ ዘርግታ «ባዶ ቦታ» የሚለውን ሰረዘችና «ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ባለቤቴን ጠየቀችው። ወጌሻው እጁን በሱሪው ጠረገ። «እናቶች፣ ብለው ይጻፉ» አላት። ጻፈችው።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት እውነት ነው። ያን ማታ ሁለት ሰሐን በላ። እኔን ዲኑ አንድ ቀን ተቆጥቶኝ ተወኝ፤ ከዚያ ወዲያ ከቆርቆሮዎቹ አንዱን ቀይ ቀለም ቀባነው።

አዳራሹ በሩ አጠገብ ተሠራ፤ አዳዲስ ወንበሮች ገቡለት። ሰባቱን አሮጌ ወንበሮች ማን ይቀመጥባቸዋል? ባለቤቴ የዳኛውን ወንበር ለምኖ አመጣው፤ ለእኔ ነበር ያመጣው። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቶቹ ግን ዛሬም አሉ፤ የልጅ ልጄ ናት አሁን የምታዳቅላቸው፣ በእሱ ቢላዋ። ከችግኝ ጣቢያው አጠገብ ባለው ቤታችን ደረጃ ላይ ሆኜ ስትሠራ አያታለሁ። ይህንንም የምጽፈው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የቱንም ያህል ብፈትገው ሰሙ ጨርሶ አልወጣለትም። ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኘው ቀሚሴን ያዝ ያደርገኛል። ልጅቷ ከታች «አያቴ፣ ነይ እዪልኝ፣ ይዟል መሰለኝ!» ትለኛለች።

«እኔንም ይዞኛል፤ ቆይ መጣሁ» እላታለሁ።