በመካኒሳ ጫማ ለምን ረከሰ

አቶ መኩሪያ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ፣ «የኑሮ ውድነትን የምለካው እኔ ነኝ» ማለት ይወዳሉ። ቀጥለውም፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ቀነሰልኝ፤ እሱም በራሴ ጥፋት ነው» ብለው ይስቃሉ።

ፊደል የቆጠሩት በአርባ ዓመታቸው፣ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ሳሉ በማታው ትምህርት ነው። ጡረታ ሲወጡ ለመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ዋጋ ሰብሳቢ ሆኑ። በየወሩ ጎፋን፣ ጀሞንና መካኒሳ አቦን በእግራቸው እያካለሉ የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን፣ የሳሙናውን ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ቅጽ ላይ ይሞላሉ፤ አይገዙም። የሥራው ዋና ሕግ፣ ባለፈው ወር የተጠየቀው ዕቃ ራሱ በዚህም ወር እንዲጠየቅ ነው። ዕቃው ከተለወጠ፣ ዋጋው ጨምሮ ይሁን ዕቃው ተሽሎ አይታወቅምና።

ከዕቃዎቹ አንዱ በመካኒሳ አቦ አንዲት ሱቅ የሚሸጥ የአገር ውስጥ ጥቁር የቆዳ ጫማ ነበር፤ ባለ ማሰሪያ፣ ቁጥር አርባ ሁለት። የሱቋ ባለቤት አርጅተው ሱቁን ለእህታቸው ልጅ ለእፀገነት ሲያስረክቡ፣ አቶ መኩሪያ መታወቂያ አሳይተው ራሳቸውን ማስተዋወቅ ነበረባቸው። መመሪያው እንደዚያ ይላል። እሳቸው ግን፣ መኩሪያን የማያውቅ መካኒሳ ውስጥ ማን አለ ብለው አለፉት።

በመጀመሪያው ወር እፀገነት «ጋሼ» ብላ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አለቻቸው። ቀጥሎ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሆነ። ከዚያ «ጋሼ» ቀርቶ «አባባ» መጣ፤ ዋጋውም ወደ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ወረደ። «አባባ»ው ቅር ቢያሰኛቸውም ዋጋውን በሚኮሩበት የእጅ ጽሕፈታቸው አሳምረው ጻፉ። በስድስተኛው ወር አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሲባሉ፣ ማታ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አምሳለ፣ መካኒሳ ላይ ተስፋ እንዳለ አበሰሯቸው።

ተቆጣጣሪያቸው ጸደንያ ግን ተስፋውን አላየችውም። በልጃቸው ዕድሜ ያለች፣ ቁጥር የማያልፋት ሴት ናት። ቢሮ ጠርታ፣ በየሰፈሩ ጫማ ሲወደድ የእሳቸው ብቻ በተከታታይ መውረዱን አሳየቻቸው። በአክብሮት ተናገረች፤ የተናገረችው ግን ቤቱ ተቀምጦ ቅጽ ስለሚሞላ ሰው ነበር። ሐሙስ አብራቸው ሄዳ ዋጋውን ካላረጋገጠች ኮንትራቱ አይታደስም። አቶ መኩሪያን ከኮንትራቱ ይልቅ ያንገበገባቸው በሐሰት መጠርጠራቸው ነው። ያን ያህል ዘግይተው የተማሩትን ጽሕፈት አንድ ቀን እንኳ ለውሸት አውለውት አያውቁም።

ሐሙስ ሱቁ ሲደርሱ እፀገነት ጸደንያን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት።

«ልጅዎ ናት አባባ?» አለች፤ መልስ ግን አልጠበቀችም። «እሰይ፣ እንኳን መጣሽ እቴ። እኚህ ሰውዬ እዚህ ጫማ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ሲመላለሱ ግማሽ ዓመታቸው። ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ኧረ አያሳዝኑሽም?»

ከባንኮኒው ሥር ካርቶን አወጣች። ላዩ ላይ በስክሪብቶ «የአባባ ነው፣ አይሸጥ» ተብሎ ተጽፎበታል። እየጻፉ ሲሄዱ፣ ገንዘቡ እስኪሞላላቸው የሚያሰሉ መስሏት በየወሩ የቻለችውን ስትቀንስላቸው ኖራለች።

አቶ መኩሪያ ወደ እግራቸው አዩ። የሌላ ጫማ ዋጋ ሲጠይቁ ኖረው የራሳቸውን አላዩም ነበር። ሁለት ጊዜ ሶል የተቀየረለት ጫማቸው ጎፋና ጀሞን ሲዞር አፉን ከፍቷል። እውነት ለመናገር፣ ይህን ተጫምቶ ጫማ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢያዩ እሳቸውም ያዝኑለት ነበር።

መታወቂያቸውን አወጡ፤ ግማሽ ዓመት ዘግይተው። እፀገነት አንብባ ስትጨርስ ካርቶኑን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ የቀነስኩት ለመንግሥት ነው?»

ጸደንያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ለሌላ ሰው ስንት እንደምትሸጠው ጠየቀቻት።

«ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። ቅናሽ የለውም።»

አቶ መኩሪያ ሐሰተኛ እንዳልሆኑ ተረጋገጠ። ቅጹ ግን ገና ነበር። ዋጋ በአንድ ወር ይህን ያህል ሲዘል «የለውጡ ምክንያት» የሚለው ቦታ መሞላት አለበት። ጸደንያ አዘነችላቸውና፣ የአመዘጋገብ ስህተት ቢሉት እንደሚበቃ ነገረቻቸው። በአንድ ቀን ሁለት ሴቶች ሲያዝኑላቸው ግን ከበዳቸው።

«አመዘጋገቤ ስህተት የለበትም» አሉ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው እንዲህ ጻፉ፦ «ጫማው ረክሶ አያውቅም። መረጃ ሰብሳቢው ራሱን ስላላስተዋወቀ፣ ነጋዴዋ ችግረኛ መስሏት አዝናለት ነው።» ፈረሙበትም።

ያንኑ ጫማ ደግሞ፣ ችግረኛ አለመሆናቸውን ለማሳየት፣ እዚያው በሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ገዙት። እፀገነት ትንሽ ልቀንስልዎ ብትል አሻፈረኝ አሉ። ጫማው ቁጥር አርባ ሁለት ነው። የአቶ መኩሪያ እግር አርባ ሦስት ነው።

ኮንትራቱ ታድሷል። አሁን ጎፋን፣ ጀሞንና መካኒሳን እያነከሱ ይዞራሉ። የትም ሲገቡ መጀመሪያ መታወቂያቸውን ያወጣሉ፤ ሃያ ዓመት የሚያውቃቸው የወፍጮ ቤቱ ኦልጅራ እንኳ አልቀረለትም። እፀገነትም ስለዚያው ዓይነት ጫማ ስትጠየቅ ቀድማ እግራቸውን ታያለች።

«ጋሼ፣ ይጠብብዎታል እንዴ?»

«ዋጋውን ብቻ ንገሪኝ» ይሏታል።