የአባቴን ጋያ ለፍተሻ ሳቀርብ

አባቴን በአውሮፕላን ድሬዳዋ የወሰድኩት ስለምወደው ብቻ አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። ጎረቤቶቼ «እንዲህ ያለች ልጅ ለሁሉም ይስጥ» ብለው መርቀውኛል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አሜን ብያለሁ። እውነቱን ዛሬ ልናገረው፦ ትኬቱን የቆረጥኩት ኤርፖርት ላይ ጋያውን እንዲቀሙልኝ ነው።

ጋያ ማለት ሆዱ ውሃ የሚይዝ የማጨሻ ቅል ነው። አናቱ ላይ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት ሸክላ፣ ከጎኑ ደግሞ የሚሳብበት ሸምበቆ አለው። ሲሳብ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እናቴ በሕይወት ሳለች በዚህ ድምፅ ብቻ አባቴ ቤት መግባቱን ታውቅ ነበር። እኔ ግን የምሰማው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሳል ነው። ሐኪሙ «ይሄን ካላቆሙ ሳንባዎ አይችልም» ካለው ጀምሮ ያላደረግሁት የለም። ትምባሆውን ደበቅሁ፤ ሌላ ገዛ። ሸምበቆውን ሰበርኩ፤ በማግስቱ አዲስ አስገብቶ «አሮጌው ደፍኖ ነበር፣ ደግ አደረግሽ» አለኝ። ጮህኩ። አኮረፍኩ። ሳኮርፍ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ስለሚል ተመቻችቶ ያጨሳል።

በዚህ መሀል ድሬዳዋ የሚነግደው ወንድሜ ልጅ ተወለደለት፤ አባቴም የልጅ ልጄን ካላየሁ አለ። እኔ የዕቃ ሱቅ አለኝ። አንዲት ዱባይ የምትመላለስ ደንበኛዬ ብርጭቆ እያገላበጠች ኤርፖርት ላይ ክብሪት እንኳ እንደሚቀሙ ስታማርር ሰማሁ። በእጄ የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩና አሰብኩ። ጋያውን ፈታሾች ከወሰዱት አባቴ በእኔ ምን ይቀየማል?

በጉዞው ዋዜማ ጋያውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ሊከት ሲል ያዝኩት።

«ይሰበርብሃል አባዬ፣ በእጅህ ያዘው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?»

«ያው... የለመድከው ነገር ነው» አልኩ።

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

በማግስቱ ሚኒባሳችን ቡኢ ሳይደርስ፣ አባቴ በአውሮፕላን እንደሚሄድና ጋያውንም ልጁ ራሷ እንዳሰበችለት ያልሰማ ተሳፋሪ አልነበረም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው «ተባረኪ» አሉኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ኤርፖርት ደረስን። አባቴ ጫማውን አወለቀና ጋያውን በመፈተሻው ማሽን ላይ እንደ ሕፃን አስተኛው። ማሽኑ ቆመ። ምስሉን የሚያየው ልጅ አንገቱን አስግጎ ጓደኛውን ጠራ፤ ጓደኛው አለቃቸውን ጠራ። ሦስት ሰው! ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታወቅብኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

«ፋዘር፣ ይሄ ምንድነው?» አለ ልጁ።

«አሰላሙ አለይኩም። ጋያ ነው።»

«ውስጡ ፈሳሽ አለው?»

አባቴ ቅሉን ገለበጠው። ጠብ ያለ ነገር የለም። «ውሃ አያልፍም አሉኝ፤ ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ጠይቆ! ማንን እንደጠየቀ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ክብሪቱንም ሳይጠይቁት ከኪሱ አውጥቶ «ተጠቀሙበት» ብሎ ሰጣቸው። ትምባሆው ተፈትቶ ተሸተተ፤ አንደኛው ሦስት ጊዜ አነጠሰ። አለቃው ቅሉን አነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ውስጡን አየ፣ በጣቱ አንኳኳው።

«ባዶ ቅል ነው። ይለፍ» አለ።

በቃ። ይሄው ነው። እኔ ገና ይህንን ሳልውጥ «እህት፣ ይሄ ቦርሳ ያንቺ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። የእኔ ነበር። ስለ ጋያው ሳሰላስል የራሴን ቦርሳ ረስቼዋለሁ። ለወንድሜ ሚስት በትልቅ ጠርሙስ የያዝኩት ንጥር ቅቤ ወጣ። ቢላዋዬ ወጣ። መቀሴ ወጣ።

«ቅቤው አያልፍም» አለች ፈታሿ።

«ቅቤ ማንን ገደለ?»

«ፈሳሽ ነው።»

«ለአራስ የተነጠረ ነው!»

«ገባኝ፣ ግን ፈሳሽ ነው።»

እኔ ስናደድ አፌ ከእኔ ይቀድማል። «ያንን ሁሉ ጭስ አሳልፋችሁ ቅቤ ላይ ትጀግናላችሁ? ጋያውን ውሰዱት እንጂ! እንድትወስዱት አይደል እንዴ ከቡታጅራ ድረስ ያመጣሁት!»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴ አንድ ጫማውን አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

ከፍተሻው ወዲያ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋያው ጉልበቱ ላይ ነው። «አውሮፕላን የጫንሽኝ ለዚህ ነው?» አለኝ።

ልዋሽ ነበር፤ አልቻልኩም። «አዎ» አልኩና ሰው መሀል ተንሰቀሰቅሁ። «ስታስል እፈራለሁ። እማዬን ቀበርን። አንተንም እንዳላጣህ እፈራለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ስጮህበት ይህችን ቃል አንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ ቅሉን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው። «እኔስ የማልፈራ መሰለሽ? ሐኪሙ የነገረው እኮ ለእኔ ነው። ይሄን የማነሳው ስፈራ ነው።»

ከዚያ ተነሳና ወደ ፈታሾቹ ተመለሰ። እንባዬን እየጠረግሁ ተከተልኩት። ጋያውን በሁለት እጁ ለአለቃው ዘረጋለት።

«እንኩ፣ ውሰዱት።»

«ምነው አባት? አልፏል እኮ» አለ ሰውየው።

«ልጄ ተጨንቃለች። ውሰዱት።»

አለቃው እኔን አየ፣ ጋያውን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። «አባቴ፣ የተፈቀደ ዕቃ ከመንገደኛ መቀበል ለእኛ ክልክል ነው።»

አባቴ ለመነ። እኔም አብሬ ለመንኩ። ሰውየው ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የድሬዳዋ መንገደኞች ሲጠሩ አባቴ ዞር ብሎ ጋያውን እኔ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠው። «በይ አንቺ ያዢው» አለኝ። እስክናርፍ ድረስ ያንን የሚሸት ቅል ታቅፌ፣ እሱ ደመናውን ሲያይ እኔ እሱን ሳይ ደረስን።

ይኸው እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው፤ ሱቄ ውስጥ ከሳህኖቹ ኋላ አስቀምጬዋለሁ። አባቴ ሲፈራ ይመጣና በርጩማ ስቦ ይቀመጣል። እናወራለን። አንዳንድ ቀን ጋያውን ሳይጠይቀኝ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ይጠይቀኛል፤ እሰጠዋለሁ፣ አጠገቡም እቀመጣለሁ።