መተሃራ ላይ የምንሰግዳት ሁለት ረከዓ

አጎቴን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሚያስቸኩላቸው ከሞት በቀር አልተገኘም። ከአዳማ ድሬዳዋ አቡጀዲ ልናመጣ በባቡር ስንሄድ ሁልጊዜ ግራው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ለስግደት ወደ መካ የምንዞርበት ቂብላ በዚያ በኩል ነውና። ስንመለስ ቀኙን ይይዛሉ። ባቡሩ መተሃራ ላይ ውሃ ሊሞላ ሲቆም ግን ለሶላት ይወርዳሉ።

«ወንበሩ ላይ ሆነው ቢሰግዱስ?» እላቸዋለሁ።

«መሬት እያለልኝ?»

እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ቀድሜ ጨርሼ ከሐዲዱ ዳር እንቆራጠጣለሁ። አንድ ቀን ገና ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ሱጁድ ላይ ሳሉ ፊሽካው ተነፋ። «አጎቴ፣ ይነሱ እንጂ! ጥሎን ሊሄድ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ረጋ ብለው ወደ ቀኝም ወደ ግራም አሰላመቱ። በሩጫ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ተንጠላጠልን። ትንፋሼ ሳይመለስ እንዲህ አሉኝ፦

«ለመንገደኛ አላህ የአራት ረከዓውን ሶላት ሁለት አደረገለት። ሁለቱን ደግሞ አንተ ልትቀንስልኝ ነው?»

ተናድጄ እስከ አዋሽ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ግራው መስኮት አጠገብ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። እንዲለቅልኝ ልጠይቀው ፈልጌ ትቼው ከበስተኋላው ተቀመጥኩ። መተሃራ ወርጄ ሁለቷን ረከዓ በጥድፊያ ሰገድኩ። ስጨርስ ባቡሩ ገና ውሃ እየሞላ ነበር። ወዲያ አልኩ፣ ወዲህ አልኩ፤ ፊሽካው አልተነፋም። እንደ ልማዴ ዞር ብዬ «ይነሱ እንጂ!» ልል አፌን ከፈትኩ።

አሸዋው ላይ የነበረው የእኔው የጉልበት ምልክት ብቻ ነው።