የጎደሉት ሁለት ሰዓታት

ሂዳያ ስሟን ሦስት ጊዜ ፈለገችው። ደሴ ያለው ኮሌጅ ለሕክምና ትምህርት የተቀበላቸውን ሰዎች ዝርዝር በቴሌግራም ለጥፎታል። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አየችው፤ ደግሞ ምናልባት አባቷን አስቀድመው ጽፈው እንደሆነ ብላ በአባቷ ስም ፈለገች። የለም። በጽሑፍ ፈተናው ከመቶ ሰባ ዘጠኝ ያመጣች ሴት በቃለ መጠይቁ ወደቀች። ስልኩን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችና በሩ ላይ ተራ ወደሚጠብቁት ነፍሰ ጡሮች ዞራ “ቀጣይ!” አለች። ሥራ አይጠብቅም።

ይህ የሆነው አምና ነው።

ሂዳያ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነች። አባቷ ጠዋት ታንኳ ላይ፣ ከሰዓት ማሳ ላይ የሚውሉ ሰው ነበሩ፤ ዓሣ ሸጠው ነው አስተምረው ለዩኒቨርሲቲ ያበቋት። በአዋላጅነት ተመርቃ የተመደበችው ከውጫሌ ትንሽ ዘለቅ ብሎ አምባሰል ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ባሏን ሙሐዲንን ያገኘችው እዚያው መንገድ ላይ ነው። እሱ ከሐይቅ ውጫሌ ሚኒባስ ይነዳል፤ እሷ በየሳምንቱ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ትሳፈራለች፤ እሱም በየሳምንቱ የፊቱን ወንበር “ተይዟል” እያለ ይጠብቅላታል። አሁን ኢንሳፍ የምትባል የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ አለቻቸው።

ዲግሪ ያለው የጤና ባለሙያ ተፈትኖ ሐኪም ለመሆን የሚማርበት መንገድ እንዳለ ካወቀች ወዲህ ሌላ ነገር አልታያትም። ለምን እንዲህ እንዳንገበገባት ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጠያቂ ሲመጣ “ሕዝቤን ላገለግል” ትላለች። እሱንማ ማን የማይል አለ?

ዘንድሮ ደግሞ አመለከተች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የድጋፍ ደብዳቤውን ሲፈርምላት ፊት ለፊት ነገራት። “ሂዳያ፣ ይህ ሁለተኛሽ ነው። ከዚህ በኋላ ተራው የሌላ ሰው ነው።”

ተቀምጦ ማልቀስ ስለማታውቅ ተነሥታ ማጥናት ጀመረች። የሰውነት ክፍሎችን በወረቀት እየጻፈች በውሃ ጀሪካኑ፣ በቡታጋዙ ጀርባ፣ በኢንሳፍ አልጋ ራስጌ ለጠፈች። ሚኒባስ ውስጥ ሙሐዲን እየነዳ ይጠይቃታል፤ ተሳፋሪውም አብሮ ይማራል።

“ኩላሊት ምን ትሠራለች?” ይላል ሙሐዲን።

“ደም ታጣራለች፣ የሰውነትን ውሃና ጨው ትመጥናለች፣ የደም ግፊትን...”

“የኔዋ ሥራ ካቆመች ቆየች፤ ምን ሆነሽ ነው ብለሽ ጠይቂልኝ እስቲ!” ይላሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። መኪናው በሳቅ ይሞላል።

የጽሑፉን ፈተና ሰማንያ አራት አምጥታ አለፈች። የቀረው ያ ያምናው ጉድጓድ፣ ቃለ መጠይቁ ነው።

ጎረቤቷ እናትነሽ ውጫሌ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ፣ ኢንሳፍን ከራሷ ልጆች እኩል ያሳደገች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት የሂዳያን አሮጌ ጋውን ደረበች፤ የሙሐዲንን ጥቁር መነጽር አደረገች፤ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ጉብ አለች።

“እኔ ፈታኝ ነኝ። ቁሚ! ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?”

“ከባልደረቦቼ ጋር በቡድን በመተባበር...”

“የምን ቡድን? ኳስ ነው የምትጫወቱት?”

“እቴ እናትነሽ፣ በደንብ ጠይቂኝ እንጂ!”

“በደንብ ነው የምጠይቅሽ። የጎረቤታችንን የሽታውን ሚስት መንታ ያዋለድሽው ከማን ጋር ነው? ብቻሽን አልነበርሽም?”

“አላህ ነዋ ያወጣት፤ እኔ ምን አደረግሁ?”

እናትነሽ መነጽሩን ወደ ግንባሯ ገፋችው። “እንግዲያ ኮሌጁ አንቺን ምን ብሎ ይቀበልሻል? ምንም አላደረግሁም ስትይው እሺ ብሎ አመነሻ! ልጅት፣ አምና የጣለሽ እኮ ሌላ አይደለም፤ ይኸው አፍሽ ነው።”

ከግቢው ጥግ ፀሐይ እየሞቁ የነበሩት አያ ሀሚዱ ያን ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሙሐዲን አባት ናቸው። በአምባሰል አበጋር ናቸው፤ ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ደም ሲፈስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አስታርቁን ብሎ የሚመጣው እሳቸው ደጅ ነው።

“ይቺ ልጅ ምስክርነት አታውቅም” አሉ።

“ራስን ማሞገስ ነውር አይደለም ወይ፣ አባ? ዝም አይነቅዝም እየተባልሁ ነው ያደግሁት” አለች ሂዳያ።

“ዝም አይነቅዝም፤ እውነት ነው። ግን አይበቅልም። ማሞገስም ነውር ነው። ምስክርነት ግን ማሞገስ አይደለም። ምስክር ያየውንና ያደረገውን ይናገራል። ቢጨምር ዋሸ፤ ቢቀንስም ዋሸ። አንቺ እየቀነስሽ ነው።” በከዘራቸው ጫፍ መልሶቿን የጻፈችበትን ወረቀት ወደ ያዘው እጇ አመለከቱ። “ወረቀቱን አስቀምጪው። እኔ ፊት ምስክር ከዘራ አይዝም። እጁ የሚደገፍበት ካገኘ አፉም መደገፊያ ይፈልጋል።”

ወረቀቷን በርጩማው ሥር አስቀመጠች። ባዶ እጇን ምን እንደምታደርገው ግራ ገባት።

“በይ፣ የከበደሽን አንዱን ቀን ንገሪኝ።”

ሂዳያ ጀመረች። “የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የውጫሌ ገበያ ቀን ነበር። አሚናት የምትባል ሴት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ምጡ ጠንቶባታል፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። ቀዶ ሕክምና እንጂ በኛ የሚሆን እንዳልሆነ አየሁ። ሦስት ሰዓት ላይ አምቡላንስ ደወልሁ። ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፣ ይመጣል አሉኝ። አልመጣ ሲል መንገድ ወጥቼ አይሱዙ አስቆምሁ፤ ፍራሽ አንጥፈን ጫንናት። አምስት ሰዓት ላይ ተነሣን። ደሴ ሆስፒታል ስንደርስ እሷ ተረፈች። ልጁን አላህ ወሰደው።”

“ጥሩ ጀመርሽ” አሉ አያ ሀሚዱ። “አምቡላንሱን ሦስት ሰዓት ደወልሽ። አይሱዙው አምስት ሰዓት ተነሣ። በገበያ ቀን ያ መንገድ መኪና እንደ ጉንዳን ነው። መሃል ላይ ሁለት ሰዓት ጎደለ። የት አደረስሽው?”

እናትነሽ መነጽሩን አወለቀችው። ኢንሳፍ ብቻ በአሸዋው ትጫወታለች።

“ጠበቅሁ” አለች ሂዳያ። “አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልሁ። መኪና ማስቆም የኔ ሥራ አልመሰለኝም። ሾፌሩ እምቢ ቢለኝስ፣ ሰው ምን ይለኛል፣ አለቃዬ ለምን ሳትጠይቂኝ ቢለኝስ ብዬ አፈርሁ። አባ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፈርሁ።” ቀጠለች። “ደሴ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናው ክፍል ልጁን ልቀበል ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር። የሐኪሟን እጅ አየሁት። እኔ ስንት ዓመት አዋልጄ እጄ ያልደረሰበት ቦታ እጇ ሲደርስ አየሁ። ብንቀድም ኖሮ ሁለቱንም ታወጣቸው ነበር። ያን ቀን ነው ይህን ትምህርት የፈለግሁት።”

“ይህን ለማን ነግረሻል?”

“ለማንም። ለሙሐዲንም አልነገርሁት።”

“ለአሚናትስ?”

“ለእሷም አልነገርሁ።”

“እንግዲያ ነገሩ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሳይሰማ ለባዕድ አይነገርም። መጀመሪያ እሷ ዘንድ ሂጂ፤ ከዚያ ለፈታኞችሽ ትናገሪያለሽ።”

“ብትከሰኝስ፣ አባ? ደብዳቤውም ሥራውም ይቀራል እኮ።”

“ሊቀር ይችላል” አሉ አያ ሀሚዱ። አይዞሽ፣ አብሽሪ እንኳ አላሏትም።

ለቃለ መጠይቁ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሂዳያ ሁለቱን ቀን ልሂድ ብላ እየተነሣች ተቀመጠች። በሦስተኛው ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ዳገቱን ወጣች። አሚናት ሴት ልጇን አዝላ ከቤቷ ደጃፍ ምስር ትለቅማለች፤ ሰላምታቸው ረዘመ፤ የቤቱም፣ የከብቱም፣ የዝናቡም ተጠየቀ። ከዚያ ሂዳያ ቆማ፣ እጇን ወደ ታች ለቃ ነገረቻት። ሦስት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት፣ ጠበቅሁ፣ አፈርሁ።

አሚናት ሰፌዱን አላስቀመጠችም። አንዲት ጠጠር አወጣችና ወረወረች።

“አውቃለሁ” አለች።

“ታውቂያለሽ?”

“ተኝቼ የነበርሁት እኔ ነኝ እኮ! በመስኮት ታያለሽ፣ ትመለሻለሽ፤ ደግሞ ታያለሽ። ሰዓቱን አንቺ ብቻ ነሽ የቆጠርሽው?” ቀና ብላ አየቻት። “አንድ ቀን ትመጣለች ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ፈጀብሽ።”

ሂዳያ ጎንበስ አለች። “አውፍ በዪኝ፤ ይቅር በዪኝ” አለች።

“አውፍ ብያለሁ። ያኔውኑ ባልል ኖሮ ያንቺን የክትባት መርፌ የዚህችኛዋን ልጄን ክንድ አስነካ ነበር?” አሚናት ሰፌዱን ወዘወዘችው። “ግን አንድ ነገር። እዚያ ስትነግሪያቸው ‘ልጁ’ ብቻ እንዳትዪ። ዑበይዱላህ ብለነው ነበር።”

ሂዳያ ዳገቱን ስትወርድ ስሙን በየእርምጃዋ እየደጋገመች ወረደች። ጤና ጣቢያ ደርሳ ጋውኗን ስትለብስ አንድ ሰዓት ዘግይታ ነበር፤ ለኃላፊውም የዘገየችበትን ምክንያት እንዳለ ነገረችው። ሰምቶ ሲያበቃ “እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?” አላት እንጂ ደብዳቤውን አልቀደደውም።

የቃለ መጠይቁ ክፍል ያምናው ነው፤ ወንበሩም ያምናው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ሂዳያ ማስረጃዎቿን የያዘውን ፋይል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር፤ አሰብ አደረገችና ወለል ላይ አስቀመጠችው።

“ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?” አሏት።

ነገረቻቸው። ወላዷ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ቀድማ ማወቋን፣ የደወለችበትን ሰዓት፣ የጠበቀችውን ሁለት ሰዓት፣ አይሱዙውን፣ የሐኪሟን እጅ። “ዑበይዱላህ ይባል ነበር” አለች። አንድ ቃል አልጨመረችም፤ አንድም አልቀነሰችም።

በዕድሜ ገፋ ያሉት ሰውዬ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። “ይህን ሰምተን ብንጥልሽስ?”

“መብታችሁ ነው። አምና እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህንኑ ደብቄያችሁ ነበር፤ ያኔም ጣላችሁኝ።”

ሰውዬው ሳያስቡት ሳቁ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። “ዛሬ ቢሆን ስንት ሰዓት ትጠብቂያለሽ?”

“ሩብ ሰዓት። ከዚያ ወዲህ አራት መኪና አስቁሜያለሁ። አንዱ በግ ጭኖ ነበር፤ በጎቹም አብረውን ደሴ ገቡ።”

“ሕፃን ልጅ አለሽ ይላል እዚህ። ትምህርቱ ዓመታት ነው” አለ ሦስተኛው።

“አለችኝ። ቀን ጎረቤቴ እናትነሽ፣ ማታ አባቷ ይይዟታል። እኔ ቅዳሜ ሐይቅ ድረስ እሄዳለሁ። ከሐይቅ የምትነሣው የመጨረሻዋ ሚኒባስ የባሌ ናት፤ ወንበር አይጠፋም።”

ስለ አንድ በሽታም ጠየቋት። “አላውቀውም” አለች፤ ሰምቼ ነበር ብላ እንኳ አልተደገፈችም።

ዝርዝሩ የወጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከተቀበሏቸው አርባ ሰዎች ሠላሳ ስምንተኛ። እናትነሽ ገበያ መሃል ስልኩን ከእጇ ነጥቃ አነበበችና እልልታዋን አቀለጠችው፤ ቲማቲሟን ሰው ረገጠባት።

“ሠላሳ ስምንተኛ ነኝ እኮ፣ እቴ እናትነሽ” አለች ሂዳያ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

“ታዲያ ምን ይላሉ? ሠላሳ ስምንተኛዋ ዶክተር ይላሉ? ዶክተር ነው የሚሉሽ!”

የመጀመሪያው ዓመት ግን እልልታ አያውቅም። አብረዋት የሚማሩት ገና ትናንት ከዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ አንዴ አንብበው የሚይዙ ልጆች ናቸው። እሷ መጽሐፉን ስትገልጥ የኢንሳፍ ሳል ትዝ ይላታል። የአጥንቱ፣ የጡንቻው፣ የደም ሥሩ ስም እንደ ገበያ ሰው ይጋፋባታል። የመጀመሪያው የአናቶሚ ፈተና ሲመለስላት ከሠላሳ አሥራ አንድ አገኘች።

ከሰዓት ወደ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሡት አያ ሀሚዱ ናቸው፤ ኢንሳፍ ከጀርባ “እማ! እማ!” ትላለች።

“ከሠላሳ አሥራ አንድ አመጣሁ፣ አባ። ከዚህ የምችል አይመስለኝም።”

“ተይው የመሰለሽን። አሥራ ዘጠኙን የት አደረስሽው?”

ሂዳያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና አንድ በአንድ ቆጠረች። “ስምንቱ ስለ ክንድ ነርቮች ነው፤ አላነበብኋቸውም። ሰባቱን አንብቤ ረሳኋቸው። አራቱ...”

“አራቱስ?”

“መምህሩ ሲያስተምር አልገባኝም ነበር። ልጆቹ ይስቁብኛል ብዬ እጄን አላወጣሁም።”

 ሂዳያ የሚመጣውን ስላወቀችው ቀደመቻቸው። “አፈርሁ፣ አባ።”

“እንግዲያ ከአራቱ ጀምሪ” አሉ አያ ሀሚዱ።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ የክንድ አጥንት ሥዕል ሰሌዳው ላይ አሳይቶ፣ “እስከዚህ ያልገባው አለ?” ብሎ ወደ ክፍሉ ዞረ። አርባ ሰው ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ አንዷ ብዕሯን አስቀመጠችና ባዶ እጇን ወደ ላይ አወጣች።