ጉሙን የገፈፈው ካርድ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ታመመችና ትምህርቱን ተውኩት። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም፤ ሱቅ ሄጄ ጨው ለመጠየቅ እንኳ ሌላው ገዝቶ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። አሁን ግን ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ የማፍረው ሰውም የለም። ስለዚህ ስለ አባቴና ስለ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከቆሰበር ድንችና ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፣ ሲመለስ ሲሚንቶ ያመጣል። ልጅ ሳለሁ የማውቀው በጥሩንባው ነው። ከጥሊሊ በኩል ሲመጣ መታጠፊያው ላይ ሁለቴ ይነፋል፣ እናቴ ውሃ ትጥዳለች፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሳልነቃ ሄዷል። እናቴ ካረፈች በኋላም እንደዚያው ነበር። ኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ እንዳለ ግራ ጎኑን ያዘው። ሌላ ሾፌር አምጥቶ በራችን ላይ አወረደልኝ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው፤ መኪናውም የሰው ስለነበረ ለሌላ ተሰጠ።

እንዲህ ሆነን እኔና አባቴ አንድ ቤት ውስጥ መኖር ጀመርን። አንዳችን ለሌላችን እንግዳ ነበርን።

"አባባ፣ ምሳ ላቅርብልዎ?"

"አቅርቢ።"

"ይጨመርልዎ?"

"ይበቃል።"

ቀኑ በዚህ ያልቃል። እኔ የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው የምኖረው። ክረምት ሲገባ እኛ አገር ልብስ አይደርቅም፤ ከሰል አያይዤ በዙሪያው እዘረጋዋለሁ። እሱ በመስኮት ጉሙን ያያል፣ እኔ የሰው ካልሲ እገለብጣለሁ። አንዳንዴ ድምፅ ለመስማት ብቻ እስል ነበር።

ኮምፒውተሯን ያገኘሁት ጠዋት ጠዋት ከማጸዳው ጌም ቤት ነው። ባለቤቱ ቤቱን ዘግቶ ከከተማው ሲለቅ አዳዲሶቹን ሸጠ፣ አሮጌዋን ግን የሚወስዳት ጠፋ። "ካልሠራች ድስት አስቀምጪባት" ብሎ ከነሞኒተሯ ሰጠኝ። ውስጧ የከባድ መኪና ጌም ነበረባት። ጌም ቤት የሚመጡት ኳስ ስለሚወዱ ማንም አይነካውም ነበር፤ እኔ ግን ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ፣ ሰው ሳይገባ፣ እሞክረው ነበር።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ቤት ውስጥ ከፈትኩት። መንገዱ የፈረንጅ አገር መንገድ ነው። ማሽኗ ስለማትችል የምስሉን ጥራት ሁሉ ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ራቅ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው፣ ዛፉም መኪናውም አፍንጫዬ ስር ሲደርስ ነው ብቅ የሚለው። ምስሉም ቆም ቆም ይላል። ቁልፉን አሁን ስጫን መኪናው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዤ ይዤ አጥር ውስጥ ገባሁ።

"ማርሽ ቀንሺ እንጂ!"

ደንግጬ ዞርኩ። አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጧል።

"ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይወረዳል እንዴ? አባይ በረሃ ቢሆን ይኼኔ አዞ በልቶሽ ነበር።"

በማግስቱ በርጩማውን እየጎተተ አጠገቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲጥልና መብራት ሲኖር እኔ ሾፌር፣ እሱ ረዳት ሆንን። "ከፊትሽ የሚመጣ አለ፣ ቀኝሽን ያዢ።" "አሁን ፍሬን። አሁን ነው የምልሽ! ይቺ ዘገምተኛ ናት፣ ቀድመሽ ንገሪያት።" የማሽኗን መዘግየት ከእኔ በላይ ለመደው። በግራጫው ውስጥ ነጥብ የምታህል ቀይ መብራት ገና ሳትታየኝ እሱ ያያታል። ስነዳ ደግሞ ያወራል። ጎማ ፈንድቶበት ከጭነቱ ላይ እንዴት እንዳደረ፣ የትኛው ኩርባ ጓደኛውን እንደወሰደበት። እናቴን መጀመሪያ ያያት ዳንግላ መናኸሪያ እንደሆነ፣ ዶሮ ታቅፋ እንደነበረችና ዶሮዋ አምልጣ መኪናው ስር እንደገባች የነገረኝ አንድ ረጅም ድልድይ ላይ ነው። እናቴ ይህን ነግራኝ አታውቅም።

ይህን ሁሉ የሚያወራው ስነዳ ብቻ ነው። ማሽኗን ሳጠፋት እሱም ይዘጋል።

አንድ ቀን፣ የሞኒተሩን ግራጫ እያየ፣ "ይኼ ጉም የማይገፈፍ ሆነ እኮ" አለ። እኔ እንዲገፈፍለት የሚመኝ መሰለኝ። ምስል የሚያጠራው ግራፊክስ ካርድ የሚባል ዕቃ እንደሆነ ጌም ቤት ሰምቼ ነበር። ለጫማ ያስቀመጥኩትን ብር ይዤ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ፤ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሱቅ እዚያ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሰው እስኪወጣ ደጅ ቆምኩ። አልወጣ ሲል ገባሁ።

"እህት፣ ቻርጀር ነው?" አለኝ ጠጋኙ።

"ግራፊክስ ካርድ።" ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት።

"ማን ልኮሽ ነው?"

"ራሴ ነኝ። መኪና እነዳለሁ... ጌም ላይ።"

"መንጃ ፈቃድ አለሽ?"

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። የማሽኗን ሆድ ዕቃ ፎቶ አንስቼ ነበርና ስልኬን ሰጠሁት። አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

"ይቺማ አንቱ ነው የምትባለው! ትልቅ ካርድ ብሰጥሽ ፓወሯ አይሸከመውም። ይኸው ትንሿን ውሰጂ። ያገለገለች ናት፣ ግን የራሷ የመብራት ገመድ አትፈልግም።"

እንዴት እንደሚገባ ሌላ ማሽን ላይ አሳየኝ፤ የሚጫነውን ፕሮግራም በፍላሽ፣ ስልክ ቁጥሩንም በወረቀት ሰጠኝ። እስከ ቆሰበር ድረስ ካርዷን ከነጠላዬ ስር አቅፌ መጣሁ።

ማሽኗን ፈታሁ፣ አቧራዋን ጠረግሁ፣ ካርዷን ቀጭ እስክትል ገፋሁ፣ ገመዱን ሰክቼ አበራሁ። ያው ጉም። ያው መንተባተብ።

"ምንድን ነው የለወጥሽው?" አለ አባቴ።

"ምንም" አልኩት። ልቅሶዬ መጣ። ሰው ጋ መደወል ከሞት እኩል ነው ለእኔ፤ ግን ደጅ ወጥቼ ለጠጋኙ ደወልኩ።

"የሞኒተሩን ገመድ የት ሰካሽው?"

"በነበረበት።"

"አይ እህቴ! ሙሽራዋን ጠርተሽ በር ላይ አቆምሻት? ከድሮው ቦታ ንቀይና ከራሷ ከካርዷ ላይ ሰኪው።"

ሰካሁት፤ በፍላሹ ያለውንም ጫንኩ። ጉሙ ተገፈፈ። ተራራው ከነደኑ፣ የረጠበው አስፋልት፣ ከሩቅ የሚነበብ የመንገድ ምልክት፤ ሁሉም መጣ። ቁልፉን ስነካው መኪናው ወዲያው ይሰማል። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

"አባባ፣ አዩ?"

"አየሁ።"

ነዳሁ። ኩርባ መጣ፤ አባቴ አፉን ከፈተ፣ እኔ ግን ፍሬን ይዣለሁ። መልሶ ዘጋው። ሌላ ኩርባ መጣ፤ እንደገና እንዲሁ። አንድም ነገር ሳልነካ ጭነቴን አደረስኩ። "ጥሩ ነዳሽ" አለና ተነስቶ ተኛ።

በማግስቱ በርጩማው ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

"አይመጡም?" አልኩት።

"መንገዱ ታየ እኮ። ከታየ ረዳት ምን ይሠራል?" አለ። ቅር ብሎት አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም ነገር ነው የተናገረው።

ለብዙ ቀን ብቻዬን ነዳሁ። አገሩ ያምራል፤ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ የሰው ቤት መስኮት ሳይቀር ይታያል። ከኋላዬ ግን ድምፅ የለም። "ምሳ ላቅርብልዎ?" "አቅርቢ።" ድምፅ ለመስማት ዳግመኛ መሳል ጀመርኩ።

አንድ ቀን እሱ ደጅ ፀሐይ ሊሞቅ ሲወጣ ገመዱን ከካርዷ ነቅዬ ድሮ ወደነበረበት መለስኩት።

"ምን ሆነች?" አለ ሲገባ።

"እንጃ። ካርዷ እምቢ አለች መሰለኝ።"

ትኩር ብሎ አየኝ። ፊቴን ወደ ሞኒተሩ አዞርኩ። ከዚያ የበርጩማው እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ።

"ቀኝሽን ያዢ" አለኝ።

የቀረው ክረምት እንዲህ አለፈ። የዶሮዋንም ወሬ ደገመልኝ፤ ሁለተኛው ላይ ዶሮዋ ጥቁር ሆነች። የመጀመሪያዋ ነጭ ነበረች፤ አላረምኩትም።

መስቀል ካለፈ በኋላ የአባቴ እህት ከአዘና መጣች። "የቆሰበር ብርድ ይገድልሃል፣ እኔ ጋ ና" አለችው። ከዚያ ወሬያቸውን በአገው ቋንቋ፣ በአውንጊ ያዙት። እኔ በእናቴ ወገን በአማርኛ ስላደግሁ ከወሬያቸው ግማሹ ያመልጠኛል። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ጥርሱ አንዱ እንደሌለ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሄዳለሁ አለ። እኔም አይሂዱ አላልኩም፤ እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም። ልብሱን አጥቤ ከሰል ላይ አደረቅሁለት።

ባጃጁ በር ላይ ቆሞ፣ አክስቴ ሻንጣውን እየጫነች ሳለ፣ አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ወደ ቤት ተመለሰ። የረሳው ዕቃ ያለ መሰለኝ። ወደ ማሽኗ ሄደ። ድሮ ሊነሳ ሲል የጭነቱን ገመድ እንደሚነካካው፣ በደህና እጁ ከማሽኗ ጀርባ ዳበሰ፤ ገመዱ ያለበትን አገኘ፣ ሳበ አድርጎ ተወው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ይህን ወደ ካርዷ መልሺው" አለኝ። "እንግዲህ ብቻሽን ነሽ፤ መንገዱ ይታይሽ።"