ገና ያልያዛት በሽታ

ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ወፊቱ» ነው የሚላት። ጠዋት የክሬኑን መሰላል ወጥታ ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ከገባች፣ ለምሳ ካልሆነ መሬት አትረግጥም። ከታች ብረቱን እያሰረ በእጅ ምልክት የሚያናግራት ታናሽ ወንድሟ ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስገባችው እሷው።

አንድ ቀን ድርጅቱ «ነጻ የጤና ምርመራ» ብሎ ሐኪሞች አመጣ። የክሬን ነጂዎቹን ልብና ዓይን አዩ፤ ምራቅም ተቀበሉ። ወፊቱ ነጻ ነገር መች ትጠላለች፣ እየሳቀች ተፋችላቸው። ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት።

«ልብሽ ደህና ነው» አላት። «ግን ጂን ተገኝቶብሻል።»

«ጂን?» ክው አለች። «እኔን ከጂን ጋር ምን አገናኘኝ?»

«የሚያሳብደውን አይደለም የምልሽ! ዘርሽ ውስጥ ያለውን ነው፤ ከአባትሽ የወረስሽውን። አንድ ቀን ልብሽ ድንገት ሊቆም ይችላል።»

«አንድ ቀን ማለት መቼ?»

«መቼም ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ከነገ ጀምሮ መጋዘን ነሽ።»

በሽታው ሳይዛት ሥራዋን ወሰደባት።

በዚያው ሰሞን ሰውን በዘረመሉ፣ ማለትም በጂኑ፣ ምክንያት ከሥራ ማግለልን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ፣ የሕዝብ አስተያየት ይሰበሰብበት ነበር። ሬዲዮኑም ሌላ ወሬ አልነበረውም። ወፊቱ መጋዘን ውስጥ ምስማር እየለየች ስታዳምጥ አንድ ደዋይ መስመር ላይ ገባ።

«የግንባታ ሠራተኛ ነኝ። ከራሴ በላይ ብረት ያንጠለጠለ ሰው ልቡ ቢቆምስ? እኛ ታች ያለነው ሰው አይደለንም? ሕጉ ይውጣ፣ ክሬንን ግን አይጨምር።»

የወንድሟ፣ የዚያ ያሳደገችው ልጅ ድምፅ ነው። ምስማሩ ከእጇ ላይ ተበተነ።

ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቀችው። «አንተ ነህ?»

አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ አባባን ልቡ ቆሞ ደረጃው ሥር ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። በዚያ የልጅነት ዕድሜዬ! አንቺን እዚያ ላይ ሳስብሽ እሱ ነው የሚታየኝ።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም? ለአገር ሁሉ ከምትለፈልፍ!»

ፊቱን አዙሮ መንገዱን ቀጠለ።

በረቂቁ ላይ የሕዝብ ውይይት የተጠራ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ያ ሁሉ ከፍታ የማያስፈራት ሴት ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ልቤን በየጊዜው መርምሩኝ፣ እምቢ አልልም» አለች። «ሲደክም አውርዱኝ። ሳልታመም ግን አታውርዱኝ።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ አንዲት የማታውቃት አስተማሪ አቅፋት አለቀሰች።

ሕጉ ወጣ። ሰው ሁሉ እየደወለ «እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት። እሷም ደስ ብሏት እስከ ታች አነበበችው፤ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «ለሌሎች ሕይወት አደጋ ሊያስከትሉ የሚችሉ ሥራዎችን አይመለከትም» ይላል። ክሬን በስሙ ተጠቅሷል።

ሕጉን ላረቀቀው ኮሚቴ ጸሐፊ ደወለች።

«ምን እናድርግ እህቴ፣ ሕዝቡ ነው የጠየቀው። ሬዲዮ ላይ የደወለውን ሁሉ ሰምተናል።»

«እኔስ? ሕዝብ አይደለሁም?»

«እርስዎንም ሰምተናል። ሕጉ የወጣው እኮ እንደ እርስዎ ያሉት ተናግረው ነው።»

ስልኩን ዘጋችው።

ድርጅቱ ጊዜ አላጠፋም። ያንኑ አንቀጽ ይዞ፣ ብረት የሚያስሩትንም ምራቅ ስጡ አለ። ወንድሟ ፊቱ አመድ መስሎ መጋዘን መጣ።

«እትዬ፣ እኔም የአባባ ልጅ ነኝ፤ ምን ልበላቸው?»

የእጅህን ነው ያገኘኸው ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየች።

«አልሰጥም በላቸዋ!»

አልሰጥም አለ፤ አባረሩት።

አሁን በምሳ ሰዓት ሁለቱ ድርጅቱ በር ላይ ቆመው አንቀጹ እንዲሻሻል ፊርማ ይለምናሉ። አንዳንዱ ይፈርማል። አንዳንዱ «ብረቱ እኔ ላይ ቢወድቅስ?» ብሎ ይቆጣል። ወንድሟ የሰውየውን አፍ ሊያስዘጋ ሲቸኩል ክንዱን ትይዘዋለች።

«ተወው፣ ይናገር» ትለዋለች። «ፈርቶ ነው።»